ለማብሰያውም ለዘይቱም መለኪያው ሙቀት ነው

(መግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ ብሎ ይወርዳል)

ዛሬ አብረን የምንገባው ወደ ማዕድ ቤት ነው።

ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው የሚሠሩ የኤሌክትሪክ ማብሰያዎች በየሱቁ በዓይነት በዓይነት ተደርድረዋል። ስቶቩ አለ፣ ትንሹ ኦቨን አለ፣ ማይክሮዌቩና የሩዝ ማብሰያው አለ፤ አሁን ደግሞ በሞቃት አየር የሚጠብሰው ኤር ፍራየር መጥቷል። የዘይቱም መደርደሪያ እንዲሁ ነው፤ ሱፍ፣ አኩሪ አተር፣ ፓልም፣ ኑግ፣ ወይራ። ሁለቱም ለአንድ ቤተሰብ ቀላል ወጪ አይደሉም። ያለቦታው የተገዛ ዕቃ ለዓመታት አቧራ ይጠጣል። ያለቦታው የተገዛ ዘይት ደግሞ በየማዕዱ ወደ ሰውነታችን ይገባል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። የዚህ ነገር ሥሩ ሙቀት ነው። ማብሰያ ዕቃ ማለት አንድን የሙቀት መጠን አምጥቶ የሚይዝ መሣሪያ ነው። የመጥበሻ ዘይት ማለት ደግሞ ያንን ሙቀት ሳይበላሽ ተሸክሞ ወደ ምግቡ የሚያደርስ ነው። ስለዚህ ከዋጋውና ከመልኩ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ቤታችን ውስጥ አዘውትረን የምንሠራው ምግብ ምን ያህል ሙቀት ይፈልጋል? ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ሰው ሱቅ ውስጥ አይደናገርም። ዛሬ ይህንን መልስ ደረጃ በደረጃ እንፈልጋለን። ዲግሪ ስንል ሴንቲግሬድ ማለታችን ነው።

ከውኃ እንጀምር። በባሕር ወለል አካባቢ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከፍ ባልን ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ውኃውም ቀደም ብሎ ይፈላል። አዲስ አበባ ውስጥ የሚፈላ ውኃ 92 ዲግሪ ገደማ ነው። ድሬዳዋ ላይ 96 አካባቢ ይደርሳል። እሳቱን ብንጨምርበት ውኃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ቦሎቄና ጠንካራ የበሬ ሥጋ ደጋ ላይ አልበስል እያሉ የሚያስቸግሩን ለዚህ ነው። ችግሩ የባለሙያዋ እጅ ወይም የስቶቩ ድክመት አይደለም።

መፍትሔው ግፊት ነው። ፕሬሸር ኩከር የምንለው ድስት እንፋሎቱን አፍኖ ይይዝና የውስጡን ግፊት ከፍ ያደርገዋል። በባሕር ወለል ላይ የውስጡን ሙቀት ወደ 120 ዲግሪ የሚያደርስ ድስት አዲስ አበባ ላይ 116 ወይም 117 አካባቢ ይደርሳል። ከ92 ወደ 116 መድረስ ማለት ሰዓታት የሚፈጀው ባቄላ በደቂቃዎች በሰለ ማለት ነው። ለደጋ ሰው፣ በተለይ ጥራጥሬ ለሚያበዛ የጾም ማዕድ፣ ከማንኛውም አዲስ ዕቃ በፊት የሚመከረው ይህ ድስት ነው። ስቶቭ ላይ የሚጣደውም በራሱ ኤሌክትሪክ የሚሠራውም ያገለግላል። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ሦስት ነገር እዩ፦ የክዳኑ ጎማ ያልተሰነጠቀ መሆኑን፣ የእንፋሎት መውጫው ያልተደፈነ መሆኑን፣ መለዋወጫ ጎማ እዚሁ ገበያ ላይ መገኘቱን።

አሁን ወደ ወጥ እንምጣ። ቁሌት ስንሠራ ሽንኩርቱ ውስጥ ብዙ ውኃ አለ። ያ ውኃ ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ የድስቱ ሙቀት ከውኃ መፍያ ብዙም አይርቅም። ዘይቱ ሲገባም በርበሬውና ውኃው ተከትለው ስለሚገቡ ዘይቱ ከፍተኛ ሙቀት ላይ ለረጅም ጊዜ አይቆይም። ይህንን ያዙልን፤ ወጥ ለዘይት የዋህ ነው። ጥብስ ግን ሌላ ነው። ሳምቡሳ፣ ቦምቦሊኖ፣ የድንች ችፕስ፣ የዓሣ ጥብስ ከ160 እስከ 180 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው የሚሠሩት። ስለዚህ ለወጥ የሚሆን ዘይት ሁሉ ለመጥበሻ አይሆንም። የዘይት ምርጫችን የሚጀምረው ከዚህ ልዩነት ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቻችን፣ ዘይት ውስጥ የተጨመረ ምግብ ምን እንደሚሆን እንመልከት። ሳምቡሳው ሲገባ የሚንጣጣውና የሚፈላው ዘይቱ አይደለም፤ በምግቡ ውስጥ ያለው ውኃ ነው፣ እንፋሎት ሆኖ የሚወጣው። እንፋሎቱ ወደ ውጭ እየገፋ እስካለ ድረስ ዘይት ወደ ውስጥ እንዳይገባ ይከላከላል። ዘይቱ በቂ ሙቀት ከሌለው እንፋሎቱ ይደክማል፤ ምግቡም ብዙ ደቂቃ ተኝቶ ዘይት ይጠጣል። ብዙ ፍሬ በአንድ ጊዜ ስንጨምርም ይኸው ይደርሳል፤ ቀዝቃዛው ምግብ የዘይቱን ሙቀት ድንገት ይጥለዋል። ስለዚህ ጥቂት ጥቂቱን መጥበስ ጊዜ ማባከን አይደለም፤ ዘይትም ጤናም ይቆጥባል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። ምግቡ ከዘይቱ ሲወጣና መቀዝቀዝ ሲጀምር በውስጡ ያለው እንፋሎት ይሰበሰብና በላዩ ላይ የቀረውን ዘይት ወደ ውስጥ ይስባል። ከምንበላው ዘይት ብዙው የሚገባው በዚህች አጭር ጊዜ ነው። እንዳወጣችሁት ወዲያውኑ በወንፊት ማጭለፊያ አራግፉት፤ ከዚያ ትኩስ እንዳለ ዘይት በሚመጥ ንጹሕ ወረቀት ወይም በሽቦ መደርደሪያ ላይ አድርጉት። ሳህን ላይ ተደራርቦ የተቀመጠ ጥብስ በራሱ ዘይት ውስጥ እንደገና ይነከራል።

ሙቀቱን በምን እንለካለን? ጥሩው መንገድ የምግብ ቴርሞሜትር ነው፤ ትንሽ ዕቃ ናት፣ ብዙ ታስተምራለች። ከሌለ አንድ ቁራጭ ዳቦ ጣሉበት፤ አንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ወርቃማ ከሆነ ዘይቱ ደርሷል። ከሰከንዶች በኋላ ከጠቆረ አልፏል። ጭስ ካያችሁ ደግሞ እጅግ አልፏልና ወዲያው አብርዱት። ለደጋ ነዋሪ አንድ ተጨማሪ ምክር አለን። ከውጭ በመጡ የምግብ አሠራር መመሪያዎች ላይ 180 ዲግሪ ተብሎ የተጻፈው ለቆላና ለባሕር ዳርቻ አገር ነው። እኛ ዘንድ በምግቡ ውስጥ ያለው ውኃ ቀድሞ ስለሚፈላ ውስጡ የሚበስለው በዝቅተኛ ሙቀት ነው፤ ላዩ ግን ይቀድማል። ለዚህ ነው ዶሮው ላዩ ጠቁሮ አጥንቱ አካባቢ ጥሬ የሚሆነው። አዲስ አበባ ላይ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ዝቅ አድርጉ፤ ወደ 165 ወይም 170 አውርዱትና ጥቂት ደቂቃ ጨምሩ።

ዝቅ ማድረጉ ሌላም ጥቅም አለው። በ2002 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የስዊድን ተመራማሪዎችና የአገሪቱ የምግብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አክሪላማይድ የሚባል ንጥረ ነገር በተጠበሱና በተጋገሩ ምግቦች ውስጥ መኖሩን ይፋ አደረጉ። ከ120 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ በድንችና በእህል ውስጥ ያለው ስኳርና አስፓራጂን የሚባለው ንጥረ ነገር ተዋሕደው የሚሠሩት ነው። በእንስሳት ላይ በተደረገ ምርመራ ካንሰር አምጪ ሆኖ ተገኝቷል። በቤታችን የምንቀንሰው በቀላሉ ነው። የተከተፈውን ድንች ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፉት፤ አጥባችሁ በጨርቅ አድርቁት፤ ወርቃማ ሲሆን አውጡት። ቡናማ እስኪሆን አትጠብቁ። ይህ ምክር በዘይት ለሚጠበሰውም፣ በኦቨንና በኤር ፍራየር ለሚሠራውም እኩል ይሠራል፤ ምክንያቱም አክሪላማይድን የሚፈጥረው ሙቀቱ እንጂ ዘይቱ አይደለም።

(አጭር ሙዚቃ)

እንግዲህ ወደ ዘይቱ መደርደሪያ እንሂድ። ለመጥበሻ ዘይት ስንመርጥ ሦስት ጥያቄ እንጠይቃለን። የተጣራ ነው ወይ? ስቡ ምን ዓይነት ነው? ለልባችንስ ይስማማል ወይ?

መጀመሪያ ስለ መጣራት። ማንኛውም ዘይት ማጨስ የሚጀምርበት የራሱ ሙቀት አለው። በፋብሪካ የተጣሩት የሱፍ፣ የአኩሪ አተር፣ የኦቾሎኒና የፓልም ዘይቶች ከ220 እስከ 230 ዲግሪ ገደማ ይችላሉ። ያልተጣራ ዘይት ግን በውስጡ ጥቃቅን ቅንጣትና እርጥበት ስላለ በብዙ ዲግሪ ቀድሞ ያጨሳል፤ አረፋም ያበዛል። በየሰፈሩ መጭመቂያ የሚወጣው የኑግ ዘይት እንዲህ ነው።

ሁለተኛ ስለ ስቡ ዓይነት። ዘይት ሲሞቅ ከአየር ኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ይበላሻል። የሚበላሽበት ፍጥነት ግን እንደ ስቡ ነው። የሚረጋው ስብ በጣም ይታገሳል። ወይራ ውስጥ የሚበዛው ኦሌይክ የሚባለው ስብም ደህና ይታገሳል። በተለመደው ሱፍ፣ በአኩሪ አተርና በኑግ ውስጥ የሚበዛው ሊኖሌይክ ቶሎ ይበላሻል። የተልባ ዘይት ውስጥ ከግማሽ በላይ የሆነው ሊኖሌኒክ የሚባለው ደግሞ ከሁሉም ይፈጥናል። ስለዚህ የተልባ ዘይትን እሳት አታሳዩት፤ ለሰውነት ያለው ጥቅም የሚገኘው በቀዝቃዛው ሲበላ ነው።

እነዚህን ሁለቱን ስናገናኝ እያንዳንዱ ዘይት ቦታውን ያገኛል። የኑግ ዘይት የደጋችን ዘይት ነው፤ ጣዕሙና መዓዛው ለጾም ወጥ፣ ለሰላጣ፣ ለአዝሙድ ቅመም የተፈጠረ ይመስላል። ከሦስት እጁ ሁለት የሚበልጠው ሊኖሌይክ ስለሆነና አብዛኛውን ጊዜ ስለማይጣራ ግን ድስት ሙሉ አድርጎ ለመጥበስ አይሆንም። የተጣራ የሱፍ ወይም የአኩሪ አተር ዘይት ለወጥም፣ በቤት ውስጥ አልፎ አልፎ ለሚሠራ ጥብስም ይሆናል፤ ደጋግሞ ለማሞቅ ግን አይመችም። የኦቾሎኒ ዘይት ከነዚህ ይሻላል። በጠርሙሱ ላይ ሃይ ኦሌይክ የሚል የተጻፈበት ሱፍ ብታገኙ ለመጥበሻ ከተለመደው ሱፍ በጣም የተሻለ ነው፤ ዘሩ ራሱ ኦሌይክ እንዲበዛበት ተዳቅሎ የወጣ ነውና። ኤክስትራ ቨርጂን የወይራ ዘይት 190 ዲግሪ አካባቢ ድረስ ይችላል። ለመጥበሻ አይሆንም የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም፤ ዋጋው ውድ ስለሆነ ግን በማንኪያ ለሚሠራ ጥብስና ለሰላጣ ማዋል ብልህነት ነው።

ቅቤስ? ያልተነጠረ ቅቤ በ150 ዲግሪ ገደማ ያርራል፤ የሚያርረው በውስጡ ያለው የወተት ቅሪት ነው። እናቶቻችን ቅቤ ሲያነጥሩ ውኃውን ያተናሉ፣ አረፋውንና ዝቃጩን ያስወግዳሉ። በዚህም ንጥር ቅቤ ከ200 ዲግሪ በላይ መቻል ይጀምራል፤ ሳይበላሽም ይቆያል። ሙያው ትክክለኛ ሳይንስ ነው። ሆኖም ከግማሽ በላዩ የሚረጋ ስብ ስለሆነ መጠኑ ይታሰብበት።

ይህ ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ያመጣናል። በጀሪካን የሚሸጠው የሚረጋው ዘይት፣ ፓልሙ ማለት ነው፣ ብዙ ክርክር ያስነሳል። ዘይቱ በብርድ መርጋቱ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ በመሆኑ የአዲስ አበባ ጠዋት በቀላሉ ያረጋዋል። ከሙቀት አንጻር ከፈሳሾቹ ይልቅ ይታገሳል። የልብ ጉዳይ ግን ሌላ ሚዛን አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ከዕለት ምግባችን ኃይል ውስጥ የሚረጋው ስብ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ይህ 22 ግራም ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ፓልም 7 ግራም ያህል ይይዛል። ሦስት ማንኪያ ወጡ ውስጥ ከገባልን፣ ሥጋውና ወተቱ ሳይቆጠር ጣራው ላይ ደርሰናል ማለት ነው። ስለዚህ ፓልም ብቸኛው የየዕለት ዘይታችን ባይሆን መልካም ነው። ፈሳሹን ለየዕለቱ ወጥ ማድረግ፣ የሚረጋውን ማሳነስ ሚዛናዊ አካሄድ ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ትራንስ ፋት ነው። ፈሳሽ ዘይት በሃይድሮጂን በከፊል እንዲረጋ ሲደረግ የሚፈጠር ስብ ሲሆን የልብ በሽታን ያባብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ከምግብ እንዲወገድ ጥሪ አቅርቧል፤ የሚመክረው ጣራ ከ100 ግራም ስብ ውስጥ 2 ግራም ነው። በማርጋሪንና በመጋገሪያ ስብ መጠቅለያ ላይ በከፊል ሃይድሮጂን የተደረገበት የሚል ጽሑፍ ካያችሁ መልሱት።

በመለያ ጽሑፉ ላይ ሁለት ነገር እንጨምር። ኮሌስትሮል የሌለው የሚለው ማስታወቂያ ለማንኛውም የአትክልት ዘይት እውነት ነው፤ ስለዚህ ለእሱ ተጨማሪ ገንዘብ አትክፈሉ። በቫይታሚን ኤ እና ዲ የበለጸገ የሚለው ግን ጠቃሚ ነው። ቫይታሚን ኤ በብርሃንና በተደጋጋሚ ሙቀት ስለሚጠፋ ዘይቱን መስኮት ላይ አታስቀምጡ፤ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ይሁን።

አንድ ጊዜ የጠበስንበትን ዘይትስ ምን እናድርገው? በቤት ውስጥ በትክክለኛ ሙቀት ከተጠበሰበት፣ ሲቀዘቅዝ በንጹሕ ጨርቅ ተጠልሎ፣ ክዳን ባለው ጠርሙስ ከተቀመጠ አንድ ሁለት ጊዜ ሊደገም ይችላል። አሮጌውን ከአዲሱ ጋር አትቀላቅሉ፤ አሮጌው አዲሱን ቶሎ ያበላሸዋል። ጨው ዘይቱ ላይ ሳይሆን ከወጣ በኋላ ምግቡ ላይ ይነስነስ። ዘይቱ ከጠቆረ፣ ከወፈረ፣ የማይጠፋ አረፋ ከያዘ፣ ቆየት ያለ ሽታ ከሸተተ ወይም ቀድሞ ማጨስ ከጀመረ ዕድሜው አልቋል። በብዙ የአውሮፓ አገሮች ምግብ ቤቶች በመሣሪያ ይለኩታል፤ የተበላሸው ክፍል ከ24 እስከ 27 በመቶ ከደረሰ በሕግ ይጣላል። እኛ ዓይንና አፍንጫ አለን። የተጣለውንም ወደ ገንዳው ቱቦ አትድፉት፤ ሲረጋ የሕንፃውን ሁሉ መስመር ይዘጋል። ጠርሙስ ውስጥ ዘግታችሁ ከቆሻሻ ጋር አውጡት።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ዕቃዎቹ ተመልሰናል። ሙቀታችንን አውቀናል፤ ማን እንደሚያመጣልን እንመርጥ።

የመጀመሪያው ስቶቭ ነው። ሽቦው በግልጽ የሚታይበት የሸክላ ምድጃ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ኤሌክትሪክ ያለበት ሽቦ ከድስቱ ጋር ሊነካካ ይችላል፤ ዘይት ከፈሰሰበትም ይቀጣጠላል። በዚህ ምድጃ ላይ ጨርሶ አትጥበሱ። ሽቦው በብረት ሳህን የተሸፈነውንና የሙቀት መቆጣጠሪያ ያለውን ምረጡ። ኢንዳክሽን የሚባለው ደግሞ ድስቱን ራሱን በማግኔት ኃይል ያሞቃል። ከሚወስደው ኃይል 85 በመቶ ያህሉን ለምግቡ ያደርሳል፤ ሙቀቱንም በትክክል ይቆጣጠራል። ለጥብስ እጅግ ጥሩ ነው። ነገር ግን በአልሙኒየም ድስት፣ በሸክላ ድስትና በጀበና አይሠራም። ከመግዛታችሁ በፊት ማግኔት ይዛችሁ የድስቶቻችሁን መቀመጫ ሞክሩ፤ ካልያዘ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ድስቶቹንም ልትገዙ ነው።

ቀጥሎ ኤር ፍራየር። ፊሊፕስ በ2010 በርሊን ላይ በተደረገ የኤሌክትሮኒክስ ዐውደ ርዕይ ካቀረበው ጊዜ ጀምሮ ዓለምን አዳርሷል። ስሙ መጥበሻ ይባል እንጂ ሥራው የኦቨን ነው፤ ከላይ ማሞቂያ፣ ከበላዩ ማራገቢያ ያለው ትንሽ ኦቨን። ሞቃቱ አየር በፍጥነት ስለሚዞር የምግቡን ላይ ያደርቃል፣ ያቀላል። ድንች፣ ዶሮ፣ ዓሣ፣ በላዩ ትንሽ ዘይት የተቀባ ሳምቡሳ አንድ ማንኪያ ዘይት ይበቃቸዋል። ቦምቦሊኖ ግን ዳቦ ይሆናል፤ በቀጭን ሊጥ የተነከረ ዓሣም ሊጡ በአየሩ ተገፍቶ ይንጠባጠባል። መጠኑንም አስቡ። 4 ሊትር የሚይዘው ለሁለት ወይም ለሦስት ሰው ነው። ስድስት ሰው ላለበት ቤት በዙር በዙር መሥራት ግድ ስለሚሆን ማራገቢያ ያለው የጠረጴዛ ኦቨን ይሻላል። በእሱ ዳቦ ይጋገራል፣ ዓሣ ይጠበሳል፣ ሳምቡሳውም ሙሉ ትሪ ይወጣል።

ማይክሮዌቭ የበሰለ ለማሞቅ ነው፤ ምግቡን ከውኃ መፍያ ብዙ ስለማያሳልፈው አያቀላም፣ አይጠብስም። ዘይት ለማሞቂያ በፍጹም አትጠቀሙበት። የሩዝ ማብሰያ ከ400 እስከ 700 ዋት ብቻ የሚወስድ ትሑት ዕቃ ነው፤ ውኃው ሲያልቅና ሙቀቱ ሲጨምር ራሱ ይቋረጣል። ምስርና ገንፎም ይሠራል።

በማይጣበቅ ቅብ የተሠሩ መጥበሻዎችን ባዶአቸውን እሳት ላይ አትተዉ። ቅቡ ከ260 ዲግሪ በላይ መፈራረስ ይጀምራል፤ ባዶ መጥበሻ ደግሞ በጥቂት ደቂቃ እዚያ ይደርሳል።

አሁን ወደ ኤሌክትሪኩ። የአገራችን መብራት 220 ቮልት ነው። ብዙ ቤት ውስጥ የሶኬት መስመር በ16 አምፔር ብሬከር ይጠበቃል። 16ን በ220 ስናባዛ 3,520 ዋት ይሆናል፤ ያ መስመር የሚሸከመው ይህንን ብቻ ነው። የእንጀራ ምጣድ ለብቻው 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል። በዚያው መስመር ላይ 1,500 ዋት ኤር ፍራየር ብንጨምር ብሬከሩ ይወርዳል፤ ብሬከሩ ካልሠራ ገመዱ ይቀልጣል። ስለዚህ ምጣድ የራሱ ወፍራም መስመር ይኑረው። ማብሰያ ዕቃ በዲቫይደር አትሰኩ፤ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሁን። ሶኬቱ ወይም የገመዱ ራስ ስትነኩት የሚሞቅ ከሆነ አጥፉና ባለሙያ ጥሩ።

ዘመድ ከውጭ ለሚልክላችሁም አንድ ቃል አለን። የአሜሪካ ዕቃ በ120 ቮልት የሚሠራ ነው። ማሞቂያ ያለው የ120 ቮልት ዕቃ 220 ላይ ሲሰካ ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ይስባል፤ በሰከንዶች ይቃጠላል። 1,500 ዋት የሚችል ትራንስፎርመር ደግሞ ከባድም ውድም ስለሆነ የተላከው ስጦታ ዕዳ ይሆናል። ሜሪላንድ ወይም ዳላስ ያለ ወንድም ወይም እህት ዕቃውን ከመላክ ገንዘቡን ቢልክ ይሻላል። የዱባይ ዕቃ 230 ቮልት ስለሆነ ይሠራል፤ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ስላለው ግን መሰኪያው በባለሙያ ይቀየርለት። ከሳዑዲ የመጣ የቆየ ዕቃ 127 ቮልት ሊሆን ስለሚችል ከኋላው የተለጠፈውን ጽሑፍ ሳታነቡ አትሰኩት። ከአውሮፓ የመጣው በቮልት በኩል ችግር የለበትም።

ሂሳቡም ቀላል ነው። ቆጣሪያችን የሚቆጥረው ኪሎዋት ሰዓት ነው። 1,500 ዋት ኤር ፍራየር 20 ደቂቃ ቢሠራ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ነው። 3,500 ዋት ምጣድ አንድ ሰዓት ሙሉ ቢሠራ ሦስት ተኩል ነው። ስለዚህ ወጪ ለመቀነስ የሚያስብ ቤተሰብ መጀመሪያ ምጣዱን ያስብ፤ ሦስት ጊዜ እያሞቁ ከመጋገር አንድ ጊዜ አሙቆ የሳምንቱን መጋገር ያተርፋል። መብራት ሲሄድና ሲመጣ የሚደርሰው የቮልት መወዛወዝም ዲጂታል ሰሌዳ ያላቸውን ዕቃዎች ቀድሞ ይጎዳል። በእጅ የሚዞር መቆጣጠሪያ ያለው ዕቃ ይበረታል፤ ሲበላሽም እዚሁ ይጠገናል። መብራት ሲጠፋ ዕቃውን ንቀሉ፤ ተመልሶ ሲረጋጋ ሰኩት።

አድማጮቻችን፣ አሁን የምንለውን ግን ልጆችም ጭምር ይስሙልን። ድስቱ ውስጥ ያለ ዘይት ከተቀጣጠለ ውኃ አትድፉበት። ውኃው ከዘይቱ በታች ገብቶ በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል፤ አንድ ሊትር ውኃ ከ1,600 ሊትር በላይ እንፋሎት ስለሚወጣው የሚነደውን ዘይት እስከ ጣሪያው ይረጨዋል። ኤሌክትሪኩን አጥፉ፤ ድስቱን በክዳን ወይም በሰፊ ትሪ ድፈኑት፤ እስኪቀዘቅዝ አትክፈቱት፤ ተሸክማችሁም አትሩጡ። ይህ እንዳይመጣ ደግሞ ድስቱን ከግማሽ በላይ ዘይት አትሙሉት፤ እየጠበሳችሁም ስልክ ለማንሳት ከአጠገቡ አትራቁ።

እንግዲህ እንጠቅልል። አንድ ክፍል ውስጥ ለሚኖር ወጣት ሠራተኛ የተሸፈነ ስቶቭና ፕሬሸር ኩከር ከአምስት ዕቃ ይበልጡበታል፤ አንድ የተጣራ ፈሳሽ ዘይት ይበቃዋል። ልጆቹ ችፕስና ዶሮ ለሚወዱ የኮንዶሚኒየም ቤተሰብ ማራገቢያ ያለው ኦቨን ወይም ተለቅ ያለ ኤር ፍራየር በዓመት ውስጥ ብዙ ሊትር ዘይት ያድናል። ጾም ለሚያከብርና ጥራጥሬ ለሚያበዛ ቤት ኑጉ ለወጥ፣ የተጣራው ለጥብስ ተለይቶ ቢቀመጥ ሁለቱም በየቦታቸው ያገለግላሉ።

በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር እንድታደርጉ እንጠይቃችኋለን። የማብሰያዎቻችሁን ጀርባ ገልብጡና ቮልቱንና ዋቱን አንብቡ። የዘይታችሁን መለያ አንብቡና የተጣራ መሆኑንና የሚረጋው ስብ ምን ያህል እንደሆነ እዩ። የጠቆረ ዘይት ካለ ዛሬውኑ አስወግዱ። አንድ ብር ሳታወጡ ማዕድ ቤታችሁ ከትናንት የተሻለ ይሆናል፤ ገንዘብ የምታወጡበት ቀን ሲመጣ ደግሞ ለሻጩ የምትጠይቁት ጥያቄ ይኖራችኋል።



(መዝጊያ ሙዚቃ)